የባሌስትራ ሻት ፒኒንግ ሲሙሌሽንሽ ለምን አልገጠመም?

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። ባሕር ዳር የሜካኒካል ምህንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ የጭነት መኪና ባሌስትራ በሻት ፒኒንግ፣ ማለትም በትንንሽ ኳሶች ተደብድቦ፣ ሲጠነክር በኮምፒውተር ማስላት ነው። አንዲት 0.6 ሚሊሜትር የብረት ኳስ በሰከንድ 60 ሜትር ለቅቄ ሳስመታ፣ ከኳሷ ሥር ላዩ ላይ የመሳብ ውጥረት ይወጣልኛል፤ መጽሐፉ ግን መጨመቅ ነው የሚለው። ኳስ ስጨምር ደግሞ መጨመቁ 1,800 ሜጋፓስካል ደረሰ፤ የብረቱ ዪልድ፣ ማለትም ቅርፁ ላይመለስ መለወጥ የሚጀምርበት ውጥረት፣ 1,350 ነው። ሙሉውን ባሌስትራ ላስመታ ብዬ ስሞክር ላፕቶፔ ቀጥ አለ። የት ነው የተሳሳትኩት? አጎቴ ደግሞ ቡሬ ባሌስትራ ቤት አለው፤ ‹ይሄን ሁሉ ከምትደክሚ በመዶሻ ብቀጠቅጠውስ?› ይለኛል። ምን ልበለው?»

እህቴ፣ አራት ነገር ነው በአንድ ትንፋሽ የጠየቅሽኝ። የመጀመሪያው ስህተት አይደለም። ሁለተኛው ስህተት ነው፣ ያውም ስንቱ የወደቀበት። ሦስተኛው የወረቀትና የእስክሪብቶ ሒሳብ ነው፤ አስቀድመሽ ሠርተሽው ቢሆን ላፕቶፕሽ ባልተሰቃየ ነበር። የአጎትሽን ጥያቄ ግን ከሁሉም ወደድኩት፣ ለመጨረሻ አቆየዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው እናውራ፤ ብዙ ተማሪ ሶፍትዌሩን ከፍቶ ኳስ መወርወር ይጀምርና የሚሰበረው ነገር ምን እንደሆነ ይረሳዋል። ጤፍ ጭኖ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መኪና አስቢ። ባሌስትራው ጫፍና ጫፉ ወደ ላይ የቀና፣ መሃሉ አክስሉ ላይ የታሰረ ቅስት ነው። ሻንሲው ጫፎቹን ወደ ታች ሲጫን፣ አክስሉ መሃሉን ወደ ላይ ሲገፋ፣ ቅስቱ ይዘረጋል። ሲዘረጋ የላይኛው ፊት፣ ማለትም ጎድጎድ ያለው፣ ይሳባል፤ የታችኛው ይጨመቃል። ጎማው ጉድጓድ በገባና በወጣ ቁጥር ይሄው ነው። አንዴ ብቻ ቢሆን ብረቱ ምንም አይለውም። መቶ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ነው የሚደክመው። ስንጥቁም የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ከሚሳበው ፊት ነው፦ ከጭረት፣ ከዝገት ነቁጥ፣ ወይም ብረቱ እሳት ላይ ሳለ ካርቦኑን ካጣው ስስ ሽፋን። አጎትሽ ጋ የተሰበረ ባሌስትራ ካለ ስብራቱን እይው። አንድ ጥግ ላይ ለስለስ ያለ፣ የጣና ውኃ አሸዋ ላይ ትቶት የሚሸሸውን መስመር የመሰለ ምልክት ታገኛለሽ። ስንጥቁ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሄደ ያሰመረው ነው። የቀረው ሸካራ ክፍል በመጨረሻዋ ቀን በአንድ ጊዜ የተበጠሰው ነው።

ሻት ፒኒንግ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ስንጥቅ የሚከፈተው ሲሳብ ስለሆነ፣ ላዩን አስቀድመሽ ጨምቀሽ ብትቆልፊው ጭነቱ መጀመሪያ ያንን መጨመቅ ማሸነፍ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ነው መሳብ የሚጀምረው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከ0.2 እስከ 2 ሚሊሜትር ገደማ የሚሆኑ ድቡልቡል ኳሶች በሰከንድ ብዙ አሥር ሜትር በሚሆን ፍጥነት ይወነጨፋሉ። እያንዳንዷ ኳስ ትንሽ ስርጉድ ትታ ትነጥራለች። ስርጉዱ ላይ ያለው ብረት ወደ ጎን ተለጥጦ ቀርቷል፣ ወደ ቦታው አይመለስም። ከሥሩ ያለው ብረት ግን ስላልተነካ ሊመልሰው ይታገለዋል። ቀጭን ላሜራ አንዱን ፊት ብቻ በቀላል መዶሻ ደጋግመሽ ብትነካኪው ወደ ተመታው ፊት ሆዱን ያወጣል አይደል? ባሌስትራው ወፍራም ስለሆነ ሆዱን ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ትግሉ እዚያው ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ቀሪ ውጥረት የምንለው ይህንን ነው። ጥልቀቱ እንደ ኳሱና እንደ ፍጥነቱ ከ0.1 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ ስንጥቅ የሚወለደውም እዚያችው ውስጥ ስለሆነ ይበቃል።

አሁን ወደ አንዷ ኳስሽ እንሂድ።

ሄርትዝ የሚባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1882 ሁለት ድቡልቡል ነገሮች ሲጫኑ ውስጣቸው ምን እንደሚሆን አስልቶ ነበር። በእሱ ስሌት ላይ ተመሥርተሽ ብትሄጂ፣ ብረቱን ለመንሸራተት የሚገፋፋው ኃይል የሚበረታው ላዩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው፤ ጥልቀቱ ከግንኙነቱ ክብ ሬድየስ ግማሽ ያህል ይሆናል። ስለዚህ አንዲት ኳስ ጠንካራ ብረት ስትመታ ትልቁን መጨመቅ ከላዩ ዝቅ ብላ ነው የምትተወው። ልክ ከሥሯ ያለው ላይኛው ነጥብ ወደ ዜሮ የተጠጋ፣ አንዳንዴም የመሳብ ውጥረት ሊያሳይ ይችላል። በስርጉዱ ዳርቻ ዙሪያም እንደ ቀለበት የሚሳብ ክፍል ይኖራል። ኮምፒውተርሽ አልዋሸሽም። የጠየቅሽው አንዲት ኳስ ምን እንደምትሠራ ነበር፣ የመለሰልሽም ያንኑ ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው ግራፍ ግን በመቶ የሚቆጠሩ ኳሶች ከመቱት ፊት ላይ የተወሰደ አማካይ ነው። ሁለቱን ካወዳደርሽ መቼም አይገጥሙልሽም።

ስንት ኳስ ይበቃል ትይኛለሽ። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራማ ግቢ ላይ ሲጥል አይተሻል። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሁሉም ደረቅ ቦታ ያገኛሉ፣ ግቢው ቶሎ ቶሎ ይነጠበጠባል። ግማሹ ከረጠበ በኋላ ግን ከሁለት ጠብታ አንዷ የረጠበ ላይ ነው የምትወድቀው። የመጨረሻዋ ደረቅ ቁራጭ አልረጥብ ብላ ታስቸግራለች። ኳሶቹም እንዲሁ ናቸው። ሒሳቡ አቭራሚ በሚባለው ቀመር ይሄዳል፦ የአንዱን ስርጉድ ስፋት በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ በሚወድቁት ኳሶች ብዛት ታባዢዋለሽ፣ ያንን ቁጥር ነጋቲቭ አድርገሽ የኢ (2.718) ፓወር ታደርጊዋለሽ፣ ከ1 ትቀንሺዋለሽ። የቀረው የተሸፈነው ክፍል ነው። መቶ በመቶ ስለማይደረስ በሙያው 98 በመቶ ሲሞላ ሙሉ ሽፋን ይባላል፤ 200 በመቶ ሽፋን ሲሉሽ ደግሞ ለ98 የፈጀውን ጊዜ እጥፍ አስመቱት ማለታቸው ነው።

በአንቺው ቁጥር እንሥራው። 0.6 ሚሊሜትር የብረት ኳስ ክብደቷ 0.88 ሚሊግራም አካባቢ ነው። በሰከንድ 60 ሜትር ስትሄድ የያዘችው ጉልበት 1.6 ሚሊጁል ነው፣ ይቺ ኢምንት። ይህን ጉልበት ለባሌስትራ ብረት ጥንካሬ ብታካፍይው ዲያሜትሩ ወደ 0.2 ሚሊሜትር፣ ጥልቀቱ ወደ 0.02 የሚሆን ስርጉድ ይወጣል። የስርጉዱ ስፋት 0.031 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል። 98 በመቶ ለመሙላት በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር 125 ያህል ኳስ ያስፈልጋል ማለት ነው። አንዷን ኳስሽን አሁን ከዚህ ጋር አስተያዪያት።

ሙሉ ባሌስትራ ላስመታ ያልሽው ደግሞ፣ እስቲ ተመልከቺው። 1,200 በ70 ሚሊሜትር የሆነ አንድ ንጣፍ ብንወስድ አንዱ ፊቱ ብቻ 84,000 ካሬ ሚሊሜትር ነው። በ125 አባዢው፤ 10 ሚሊዮን ተኩል ኳስ። ሜሹ፣ ማለትም ብረቱ ኤለመንት በሚባሉ ትንንሽ ኩቦች የሚከፋፈልበት መረብ፣ ደግሞ በአንዱ ስርጉድ ውስጥ አሥር ያህል ኤለመንት ካልያዘ ስርጉዱን በቅጡ አያየውም፣ ስለዚህ የኤለመንቱ ጎን 0.02 ሚሊሜትር ይሆናል። ውፍረቱን 10 ሚሊሜትር አድርገሽ ጠቅላላውን በዚህ ብትከፋፍይው 105 ቢሊዮን ኤለመንት ይመጣል። ላፕቶፕሽ ቀጥ ማለቱ ጤነኛ መሆኑን ነው የሚያሳየው።

መንገዱ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ትንሽ ቁራጭ ትወስጃለሽ። መሃሉ ላይ 1.2 በ1.2 ሚሊሜትር፣ ወደ ታች 0.6 የሚሆነውን ብቻ በ0.02 ትከፋፍያለሽ፤ ይሄ 108,000 ኤለመንት ብቻ ነው። ዙሪያውንና ታቹን እየሰፋ በሚሄድ ሜሽ ትሞያለሽ። 1 በ1 ሚሊሜትር በሆነው መሃል ላይ 125 ኳሶችን በዘፈቀደ ትበትኛለሽ። አባከስ የሚባለውን የሲሙሌሽን ሶፍትዌር የምትጠቀሚ ከሆነ ቦታቸውን በአጭር የፓይተን ስክሪፕት አውጪው፣ በእጅ አትደርድሪ። እንደ ገበጣ ጉድጓድ በመስመር የተደረደረ ኳስ ሥዕሉ ያምራል እንጂ ውጤቱ ከእውነተኛው ይርቃል፤ እውነተኛው ማሽን በመስመር አይተኩስም። እያንዳንዷን ኳስ ከፍታዋን ለያይተሽ አስቀምጫት፣ ተራ በተራ እንዲደርሱ፣ አየር ላይም እንዳይደራረቡ። ውጤት ስታነቢ ደግሞ የመሃሉን 0.6 በ0.6 ብቻ ውሰጂ፤ ዳርቻው ሙሉ ሽፋን አላገኘም።

ጊዜው ስንት ይሆናል? በብረት ውስጥ ማዕበሉ በሰከንድ ወደ 5,900 ሜትር ይሄዳል። 0.02 ሚሊሜትሯን ኤለመንት ለማቋረጥ 3.4 ናኖሰከንድ ይፈጅበታል፣ የኤክስፕሊሲት ስሌትሽ፣ ጊዜን በትንንሽ እርምጃ እየቆጠረ የሚሄደው፣ አንዱ እርምጃም ከዚያ መብለጥ አይችልም። አንዷ ኳስ መትታ እስክትነጥር አንድ ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው። በሁለት ኳስ መካከል 3 ማይክሮሰከንድ ብትሰጪ 125ቱ በ375 ማይክሮሰከንድ ያልቃሉ፤ ወደ 110,000 እርምጃ ነው። ደህና ላፕቶፕ ማታ አስጀምረሽው ብትተኚ ጠዋት ይደርሳል፣ መብራት ካልሄደ። መብራቱን ስለማላምነው በየመሃሉ የሚያስቀምጥ አድርጊው፣ ከባዶ እንዳትጀምሪ።

እሺ፣ 1,800ው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፣ ዋናው ነገር እዚህ ነው ያለው።

በተመታ ሰፊ ፊት ላይ ከላይ የሚጫን የለም፤ አየር ነው ያለው። ስለዚህ ወደ ጥልቀት የሚሄደው ውጥረት ዜሮ ነው። ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ አቅጣጫዎች ደግሞ ኳሶቹ በዘፈቀደ ስለወደቁ እኩል ናቸው። እንዲህ ሲሆን የቮን ሚዝስ ውጥረት፣ ማለትም የሁሉም አቅጣጫ ውጥረት ተጠቃሎ ከዪልድ ጋር የሚነጻጸርበት ቁጥር፣ ከዚያው ከመጨመቁ መጠን ጋር አንድ ነው። በወረቀት ሞክሪው፣ ሁለት መስመር ነው። ትርጉሙ፦ ቀሪው መጨመቅ ብረቱ አሁን ካለው ጥንካሬ በላይ ሊሆን አይችልም። አማካይሽ 1,800 ካለ፣ ወይ ሞዴልሽ ብረቱ እስከ 1,800 ጠንክሯል ብሎ አምኗል፣ ወይ ደግሞ ያነበብሽው ቀሪ ውጥረት አይደለም። ለነገሩ ከአንዲት ኤለመንት ያነበብሽው ትልቁ ቁጥር ከሆነም አይገርመኝም፤ በአንድ ነጥብ ላይ ሦስቱም አቅጣጫ ሊጨመቅ ስለሚችል እንዲህ ያለ ቁጥር ይወጣል። ባለ ቀለሙን ሥዕል አይተሽ ሰማያዊው ላይ ጠቅ አድርገሽ ያገኘሽው ቁጥር ለመመረቂያ ጽሑፍ አይሆንም። ሥዕሉ ለሽፋን ገጽ ጥሩ ነው።

ሦስት ተጠርጣሪ አለኝ።

አንደኛው፣ ብረቱ ገና እየተንቀጠቀጠ ሳለ ማንበብ። ቁራጭሽ 3 ሚሊሜትር ቢሆን ማዕበሉ ታች ደርሶ ለመመለስ አንድ ማይክሮሰከንድ ነው የሚፈጅበት። ታቹን ቆልፈሽው ከሆነ እየነጠረ ይመላለሳል፣ ልክ ገደል ማሚቶ። የሚቀጥለው ኳስ ሲመጣ የበፊቱ ጩኸት አልበረደም። ጎንና ታቹን ኢንፊኒት ኤለመንት አልብሽው፤ ማዕበሉን ውጦ ያስቀረዋል። ዳምፒንግ (ንዝረት ማብረጃ) ስትጨምሪ ከሁለቱ ቁጥሮቹ አልፋውን ተጠቀሚ፣ ቤታው የስሌቱን እርምጃ ያሳጥርብሻል። ከመጨረሻዋ ኳስ በኋላ ጊዜ ስጪው፣ ከዚያ ውጤቱን ወደ ስታቲክ ስሌት አዛውረሽ ይረጋጋ። የካይኔቲክ (የእንቅስቃሴ) ኢነርጂው ከኢንተርናሉ (ብረቱ ውስጥ ከገባው) ጋር ሲተያይ ምንም ያህል ካልሆነ ነው ማንበብ የሚጀመረው።

ሁለተኛው፣ እኔ በዋናነት የምጠረጥረው፣ አይሶትሮፒክ ሃርደኒንግ ነው። ይሄ ሞዴል ብረት በተመታ ቁጥር በሁሉም አቅጣጫ እየጠነከረ ብቻ ይሄዳል ብሎ ያምናል። ሻት ፒኒንግ ላይ ግን አንዷ ነጥብ መጀመሪያ ትጨመቃለች፣ ቀጥሎ ጎረቤቷ ሲመታ ትገፋለች፣ ከዚያ እንደገና ትጨመቃለች። አንዴ ወደ አንድ ወገን የተገፋ ብረት ወደ ሌላው ሲመለስ ቀድሞ ይሸነፋል። ሽቦ አጣምመሽ ስትመልሺው እጅሽ ላይ ይታወቅሻል። ባውሺንገር ይሉታል። አይሶትሮፒኩ ይሄን ረስቶት ኳስ በተጨመረ ቁጥር መጨመቁን ይቆልላል። የአንቺም ቁጥር ያበጠው ኳስ ስትጨምሪ ነው አላልሽኝም? ወደ ቻቦሽ ሞዴል፣ ማለትም ካይኔማቲክ (ሲመለስ ቀድሞ መሸነፉን የሚይዘው) እና አይሶትሮፒክ ወደተቀላቀለበት፣ ሂጂ። ለሱ የሚሆኑት ቁጥሮች የሚገኙት ብረቱን እየሳቡና እየጨመቁ ከተሠራ ፈተና ነው፤ መፈተን ካልቻልሽ ለዚያው ዓይነት ብረት፣ ለዚያው ጥንካሬ የታተመ ውሰጂ። ብረቱ አንድ ሆኖ የተቀቀለበት ሙቀት ከተለያየ አይሆንም።

እዚሁ ላይ ስለ ጆንሰን-ኩክ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ቀመር ነው፤ ብረት በፍጥነት ሲመታ ጥንካሬው እንዴት እንደሚጨምር ስለሚይዝ ለኛ ሥራ ይጠቅማል፣ ኳሶቹ ብረቱን የሚለጥጡበት ፍጥነት በጣም ከፍተኛ ነውና። ችግሩ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቁጥር መገልበጡ ነው፦ 792፣ 510፣ 0.26፣ 0.014። እነዚህ 4340 ለሚባል ብረት የወጡ ናቸው። የመጀመሪያው 792 የዪልድ መነሻው ነው። ያንቺ ብረት 1,350 ከሆነ 792 እዚያ ምን ይሠራል? ጠዋት የሌላ ሰው ጫማ አድርጎ እንደመውጣት ነው፤ ትሄጃለሽ፣ ግን ይታወቃል። ደግሞ ይሄ ቀመር እንዳለ ሲወሰድ ሃርደኒንጉ አይሶትሮፒክ ስለሆነ ወደ ሁለተኛው ተጠርጣሪ ይመልስሻል።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ዩኒት ነው። አትሳቂ። በሚሊሜትር፣ በቶንና በሰከንድ ከሠራሽ 60 ሜትር በሰከንድ 60,000 ነው፣ የብረቱ ዴንሲቲ ደግሞ 0.0000000078 ነው። እኔ መጀመሪያ ስሠራ 60 ብዬ ጽፌ ኳሷ እንደ ቀንድ አውጣ እየሄደች ሁለት ቀን ሙሉ ሜሹ ላይ ስፈላሰፍ ነበር። አንዱ ጓደኛዬ ቡና ሊጠራኝ መጥቶ ስክሪኑን አየና «ይቺ ኳስ መቼ ልትደርስ ነው?» አለኝ። እሱ ሲቪል መሐንዲስ ነው፣ ስለ ሻት ፒኒንግ አያውቅም። አንቺ ጋ ስርጉዱ 0.2 አካባቢ ከወጣ ዩኒትሽ ደህና ነው ማለት ይቻላል። ባለ አንድ ነጥብ ኤለመንት፣ ማለትም ውጥረቱን በአንድ ነጥብ ብቻ የሚያሰላውን፣ ከተጠቀምሽ ደግሞ አርቲፊሻል ኢነርጂው (ሜሹ እንዳይንቀዋለል ሶፍትዌሩ የሚጨምረው) ከኢንተርናሉ 5 በመቶ እንዳይበልጥ እይው፣ ከበለጠ ሜሹ እየተንቀዋለለ ነው።

ውጤት ስታወጪ እንዲህ አድርጊ። በእያንዳንዱ ጥልቀት ላይ፣ በመሃሉ ክፍል ያሉትን ኤለመንቶች በሙሉ አማካይ ውሰጂና ከጥልቀት ጋር ሥዪው። የሁለቱን ጎን አቅጣጫዎች ለየብቻ ሥሪ። ሁለቱ መስመሮች ተደራርበው ከሄዱ ኳስሽ በቂ ነው፤ ከተለያዩ ገና ጨምሪ። ከዚያ የዘፈቀደውን ሲድ፣ ማለትም የኳሶቹን አበታተን የሚወስነውን መነሻ ቁጥር፣ ቀይረሽ ሦስት ጊዜ ድገሚው። ሦስቱ በጣም ከተራራቁ ቁራጭሽ ትንሽ ነው። የኳስ ብዛትን በ25፣ በ60፣ በ125 ያሳየ ግራፍ ብታስገቢማ ፈታኞችሽ ብዙ ጥያቄ አይኖራቸውም።

ሁለተኛው ደረጃ ያንን አማካይ መስመር ወደ ሙሉ ባሌስትራው ማዛወር ነው። እዚህ ላይ ኳስ የለም። ላይኛውን 0.4 ሚሊሜትር ገደማ በስስ ንብርብር ከፍለሽ ለእያንዳንዱ ንብርብር የራሱን የሙቀት መለጠጫ ቁጥር ትሰጪውና ሙሉውን አንድ ዲግሪ ታሞቂዋለሽ። ላዩ ልለጠጥ ይላል፣ ሥሩ አይለቀውም፣ ያው መጨመቅ ይመጣል። እውነተኛ ሙቀት አይደለም፣ ማታለያ ነው፣ ግን በደንብ ይሠራል። ከዚያ ጭነቱን ጫኚበት፣ የመንገዱን። ከቅርፁ፣ ከጭነቱና ከላዩ ውጥረት ተነስተሽ የድካም ዕድሜውን ታሰያለሽ። ከባድ ጭነት ሲደጋገም ቀሪው መጨመቅ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ትንሽ ይላላል፤ ከመጠን በላይ የጫነ መኪና ይሄን ገንዘቡን ቶሎ ይበላዋል።

እውነት መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? ኤክስሬይ ማግኘት ከቻልሽ እሰየው፤ ግን ኤክስሬይ የሚያየው ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ ላዩን በኤሌክትሮላይት እየላጡ ነው ወደ ውስጥ የሚለካው። ካልተገኘ የአልመን ሰሌዳ አለ፣ እኔ እንዲያውም ከሁሉም በፊት እሱን ነው የምመክረው። በጄኔራል ሞተርስ ይሠራ የነበረው ጆን አልመን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያመጣው ዘዴ ነው። 76 በ19 ሚሊሜትር የሆነ፣ 1070 ከሚባል የብረት ዓይነት የተሠራ ሰሌዳ ነው፤ ኤ የሚባለው ዓይነት ውፍረቱ 1.29 ሚሊሜትር ነው። በአራት ብሎን ታስሮ ይመታል፣ ሲፈታ ወደ ተመታው ፊት ሆዱን ያወጣል፣ ያ ቅስት ይለካል። ላሜራውን አስታወስሽ? በቃ ያው ነው። ጊዜውን እጥፍ ስታደርጊ ቅስቱ ከ10 በመቶ በላይ ካልጨመረ ጠግቧል ይባላል፣ ያቺ ቁጥር የማሽኑ ጉልበት መለያ ናት።

ያንቺ 60 ሜትር በሰከንድ ከየት መጣ? ከሌላ ጽሑፍ ከሆነ፣ የማሽኑን እውነተኛ ፍጥነት ብዙ ጊዜ ባለማሽኑም አያውቀውም። የአልመን ቁጥሩን ግን ያውቃል። ስለዚህ ወደ ኋላ ሥሪው፦ በሰሌዳው ብረት ላይ በ40፣ በ60፣ በ80 ሜትር አስመቺ፣ እያንዳንዱን ወደ ቀጭኑ ሰሌዳ በዚያው የሙቀት ማታለያ አዛውሪ፣ የሚወጣውን ቅስት እይ። ከተነገረሽ ቁጥር ጋር የገጠመው ፍጥነት የማሽኑ ነው። ቁራጭሽ ዙሪያዋ ተይዞ ስለሆነ የተመታችው በቀጥታ ከሰሌዳ ጋር አታወዳድሪያት፤ ሰሌዳው ሲፈታ ጎብጦ የተወሰነውን ውጥረት ያራግፋል። ወፍራሙ ባሌስትራ ላይ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ቀሪዎቹ ጥቃቅን ናቸው። ፍሪክሽኑን ዜሮ አታድርጊው፣ 0.2 ወይም 0.3 ስጪው፤ ከዚያ በላይ ብትጨምሪው ብዙ አይለውጥም። ኳሷን ፍጹም የማትበገር ካደረግሽ መጨመቁን ታጋንኛለሽ፣ የባሌስትራና የተለመደው የኳስ ጥንካሬ ተቀራራቢ ስለሆነ ኳሷም ትንሽ ትሸነፋለች። ባሌስትራ ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ጎብጦ በተያዘበት፣ ማለትም ጭነት ላይ እንዳለ ተስቦ ሳለ የሚመታበት አሠራር አለ፤ ሲለቀቅ መጨመቁ ይጨምራል። ሞዴልሽ ላይ ከኳሶቹ በፊት የመሳብ ውጥረት መስጠት ብቻ ነው፤ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል፣ እኔ ብሆን እገባበት ነበር።

አጎትሽ። ሐሳባቸው ሞኝነት አይደለም። ፒን ማለት ራሱ የመዶሻ ድቡልቡሉ ጫፍ ነው፣ ስሙ ከዚያ ነው የመጣው። የብየዳ ዳርቻን በመዶሻ እየመቱ ማጠንከርም የታወቀ ሙያ ነው። ግን እሱ ጫፉ በልክ የተድቦለቦለ፣ ምቱ የተመጠነ መሣሪያ ነው። በጋራዥ መዶሻ ሲሆን ጠርዙ ያርፍና ሹል ምልክት ይተዋል፣ ስንጥቅ የሚፈልገው ደግሞ እሱን ነው። አንድ ፊት 10 ሚሊዮን ተኩል ምት እንደሚፈልግ ንገሪያቸው፤ ይስቃሉ። ደግሞም ከመቱ በኋላ ለማጉበጥ እሳት ውስጥ ከከተቱት ከ250 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የተቆለፈው ውጥረት እየላላ ይሄዳል፣ ቀይ ከሆነማ አለቀ። በእጃቸው ያለው ሌላ ነገር ነው፦ የላይኛውን ፊት በመዶሻ ጠርዝ አለመንካት፣ እዚያ ላይ የብየዳ ነጠብጣብ አለማሳረፍ፣ ያገኙትን ሹል ጭረት በድንጋይ ወደ ርዝመቱ ማለስለስ፣ የተሰነጠቀውን በይዶ መልሶ ከመጫን መቀየር።

አንድ ነገር ደግሞ ለምኚያቸው። የሚቀጥለው የተሰበረ ባሌስትራ ሲመጣ ሁለቱን ስብራት መልሰው እንዳያጋጥሙት፣ በብረት ብሩሽም እንዳይፈትጉት፤ በላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጡልሽ። ስንጥቁ ከየትኛው ፊት፣ ከስንት ጥልቀት እንደተነሳ በማይክሮስኮፕ ታዪና ከግራፍሽ ጎን ታስቀምጪዋለሽ። የሦስቱን ሲድ መስመር ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ የትኛውን ሃርደኒንግ እንደተጠቀምሽም ጻፊበት።